ሆን ብዬ ያስነሳሁት ጭስ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ጾም እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ያዋረደኝ ሽሮ ነውና። ፍስክ ቢሆን ኖሮ በዶሮ ነበር የምዋረደው።

ቀኑ ጊዮርጊስ ነበር። እሱን አልረሳም!

የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም በሌላ ሰው ደርሶ ቢነገረኝ ስቄ አልፈው ነበር።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ጣቴ ስልኩ ላይ የሚሄደው እንደ ደከመ በሬ ነው፤ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ታከለ እባላለሁ። ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የምዘራ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አያልፍም። አፌ ግን ሩቅ ይሄዳል። ጉዱም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቀበሌ ስብሰባ ነው።

መሠረት የምትባል የወረዳ ባለሙያ፣ ትሁት ልጅ ናት፣ መጥታ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አስረዳችን። ዛፉን ቆርጠን አንድደን ጨረስነው፣ በልጉም መቅረት አበዛ አለች። ከዚያ ባዮጋዝ የሚባል ነገር አመጣች። የላም እበት ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ በቧንቧ ምድጃ ድረስ ይመጣል፤ ጭስ የለውም።

እኔ እጄን አወጣሁ።

ምነው በተሰበረ!

«ልጄ፣ ሰማዩን ያሞቀው ኃጢአታችን ነው እንጂ የእናቶቻችን ምድጃ አይደለም! እኔ ታከለ ከላም ኋላ በወጣ እሳት የበሰለ እህል በአፌ አይዞርም!» አልኩ።

ጭብጨባ ነው የምላችሁ! ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ።

ቤቴ ገብቼ ያንኑ ፖስት አደረግኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያን ቀን ላይክ አግኝቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ያለ የማላውቀው ሰው ሳይቀር «አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» ብሎ ኮሜንት ጻፈልኝ። ደረቴ ተነፋ።

ባለቤቴ ዘነቡ ግን ፌስቡክ የላትም።

ዘነቡ ያላት ሳል ነው።

ስንት ዓመት ጭስ ስትምግ ኖራለች፤ ደረቷ እንደ ወናፍ ይጮህ ነበር። ጫካው ተከልሏል፣ ማገዶ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ የሚመጣውም በእሷ ጀርባ ነው። ታዲያ ለካ እኔ ከፊት ሲጨበጨብልኝ፣ እሷ ከኋላ ሄዳ ስሟን ለባዮጋዙ አስመዝግባለች!

አንድ ጠዋት ግንበኞች ግቢዬ ገብተው መቆፈር ጀመሩ።

«ዘነቡ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጉድጓድ ነው።»

«የምን ጉድጓድ?»

«በአፍዎ የማይዞረው።»

ምን ልበል?

ጎረቤት ሲጠይቀኝ ግን የምለው አላጣሁም። «የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ነው» አልኩ። ወዲያው የመጣልኝ እሱ ነው። አመሰገኑኝ! አርቆ አሳቢ ተባልኩ! አንዱማ የእኔን አይቶ የራሱን ሊቆፍር ተነሣ።

እውነቱን ልናገር አይደል? ባዮጋዙን ወደድኩት። ሻይ አምጡ ከማለቴ ይፈላል። የዘነቡ ሳል እየለዘበ እየለዘበ ሄደና ጠፋ። እኔም ዳዊቴን ዓይኔን ሳልጠርግ ማንበብ ጀመርኩ። እበቱን በጠዋት በውሃ እየበጠበጥኩ የምጨምረው እኔው ነኝ፤ ሰው እንዳያየኝ በአጥሩ በኩል ግራ ቀኝ እያየሁ።

መሠረት እየመጣች ታያለች። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሞዴል ገበሬ ነዎት» ትለኛለች።

«ለሰው እንዳትነግሪ ልጄ» እላታለሁ።

ትስቃለች። ትሕትና መስሏታል!

አንድ ቀን ደግሞ «አባባ፣ ሰዎች ይዤ ልምጣና ማድ ቤታችሁን ይዩት፤ የትኛው ቀን ነው ከቤት የማይጠፉት?» አለችኝ።

«ጊዮርጊስ ዕለት ነይ። በዓል ነው፣ አላርስም» አልኳት። አንድ ሁለት የቢሮ ሰው መስሎኛል። ነግሬያትም ረሳሁት።

እዚህ ላይ ነው ገበሬ ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ያለው። እኛ ቀን የምንቀጥረው ሥራ በምንፈታበት በዓል ነው። ማኅበር የምንጠጣውም በዚያው በዓል ነው! የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር አለን፣ በየወሩ በየተራ ቤት ለቤት ይዞራል። የዚያ ወር ተራ የእኔ አልነበረም። ባለተራው ቤት ሐዘን ገባና ጽዋው ዘሎ እኔ ላይ ዐረፈ።

ዕለቱ ደረሰ።

ዘነቡ እንጀራውን ቀደም ብላ በማገዶ ጋግራዋለች። ሽሮውንና ክኩን ግን በትልልቁ ድስት በባዮጋዙ ምድጃ ላይ ጣደችው። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጣሪያውን አየሁ።

ጭስ የለም!

እስቲ ንገሩኝ፣ ማኅበር ተደግሶበት ጣሪያው የማይጨስ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ነገር እንዳለ ማንም ያውቃል። በተለይ ምስጋናው። ምስጋናው የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ቤቱ ፊት ለፊቴ ነው፣ ዓይኑ ከቤቴ አይነሣም፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበልኝም እሱ ነው።

«ዘነቡ፣ ጭስ ከሌለ ሰው ምን ይላል?»

«በላን ጠጣን ይላል።»

«ምስጋናውስ?»

«እሱም ይበላል። ይንገሯቸውና ይረፉ።»

ልንገራቸው? እኔ? ያ ሁሉ ላይክ እያለ?

አሮጌው ማድ ቤት ገባሁ። ኩበት ደረደርኩ፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጫንኩበት፣ ለኮስኩት። ድስት የለ፣ ምን የለ፤ ጭስ ብቻ!

አቤት ጭሱ! ከይምርሐነ ክርስቶስ የሚመለስ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ሳያየው አይቀርም።

ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። መምሬ ካሴ፣ የነፍስ አባቴ ናቸው፣ ከላይ ተቀመጡ። አንዲት የደከሙ መነኩሲት፣ እማሆይ፣ ጥጋቸውን ያዙ።

«ይሄ ነው ድግስ!» አለ ምስጋናው ገና ሲገባ። «ቤቱ ከሩቅ ተጣራ!»

ኮራሁ።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ።

ጭሱ እንዳለ ዳሱ ውስጥ ገባ። መምሬ ካሴ ማዕዱን ሲባርኩ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ። ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ይጎርሳል፤ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። ግን ማንም አላማረረም፤ ሽሮው ግሩም ነበራ!

ጨዋታው ወደ በልጉ ሄደ፤ ዝናቡ ለምን እንደሚቀር።

«ሆቴሎቹ ጣሪያቸው ላይ የሰቀሉት ሶላር ነው» አለ አንዱ። «እያብለጨለጨ ደመናውን ያስበረግገዋል።»

«ተወኝ እባክህ!» አለ ምስጋናው። «ደመና ምን መሰለህ? ጭስ ነዋ! ሰው ምድጃውን ካላጨሰ ደመናው ከየት ሊመጣ ነው? ያ የእበት ጋዝ የተስፋፋ ዕለት ላስታ ዝናብ አለቀላት። ታከለን እዩት! ብቻውን ላገሩ ደመና እየሠራ ነው!»

ሳቁ። እኔስ ምን አልኩ?

«እውነትህን ነው» አልኩ።

ዘነቡ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪና ሲቆም የሰማሁት ያኔ ነው።

መሠረት ናት። አንድ ሁለት የቢሮ ሰው ያልኩት ከወገል ጤና ከተማ በኩል የመጣ መኪና ሙሉ ገበሬ ሆኖ ቁጭ! የልምድ ልውውጥ! ደብተር የያዘ አለ። ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ የሚቀርጽ አለ።

«እንኳን አደረሳችሁ! አባባ ታከለ፣ ጭስ አልባውን ማድ ቤት ልናይ መጣን!» አለች መሠረት፣ በጭሱ መሐል እየዳበሰች።

ከእንግዶቹ አንድ ሽማግሌ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ዙሪያውን አዩ።

«ልጄ፣ ጭስ አልባ ያልሽን ይሄ ከሆነ፣ እኛ አገር ከዚህ ያነሰ ጭስ ነበረን» አሉ።

«የምን ጭስ አልባ?» አለ ምስጋናው።

እዚህ ላይ መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

መሠረት ምን ታውቃለች? ደስ ብሏት ዘረገፈችው። «የባዮጋዙ ነዋ! ጉድጓዱ ያውና። እማማ ዘነቡ፣ የማኅበሩ ወጥ በሙሉ በእሱ በሰለ? ጎበዝ! እንዲህ ነው ሞዴል!»



ምስጋናው የያዘውን ጉርሻ ቀስ ብሎ መለሰው። «ማቆሪያ ነው አላልከንም እንዴ?»

ጠላ ልቀዳለት ተነሣሁ፤ አልተወኝም።

«በአፌ አይዞርም ያልከውስ አንተ አይደለህም?»

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ስልኩን አወጣ። ፖስቴን ፈልጎ አገኘውና ጮክ ብሎ አነበበው። ወገኖቼ፣ የራሳችሁን ቃል ሌላ ሰው ሲያነብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስጽፈው እንዲህ አይረዝምም ነበር!

ሰው ሁሉ ወደ መምሬ ካሴ ዞረ። እሳቸው ምን ይሉ ይሆን? መምሬ ግን አፋቸው ውስጥ ጉርሻ ነበር። አልዋጡትም። አልተፉትም። አገር ሁሉ ጉሮሯቸውን ነው የሚያየው።

እኔ ግን ዘነቡን ነው ያየሁት። በአንድ እጇ ድስት፣ በአንድ እጇ ጭልፋ ይዛ ደርቃ ቀርታለች። የማኅበር ማዕድ ሳይበላ የተነሣበት ቤት ስሙ በቀላሉ አይጸዳም። የሚወራውም ስለ እኔ ውሸት አይደለም፤ ስለ እሷ እጅ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ የሠራች እሷ፣ የዋሸሁ እኔ፣ የምታፍር እሷ!

ያኔ ከጥጉ ድምፅ መጣ። እማሆይ ናቸው። ለካ ይሄ ሁሉ ሲሆን መብላታቸውን አላቋረጡም።

«ምስጋናው።»

«አቤት፣ እማሆይ።»

«እናትህ ምን እያነደደች ነው ያሳደገችህ?»

«ያው… ኩበት ነዋ።»

«ኩበቱ ከየት ነበር የሚመጣላት? ከኢየሩሳሌም?»

አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈነዳ።

«ያው እበት ነው ልጄ» አሉ እማሆይ። «ያኔ ደርቆ ነው ቤት የገባው፣ ዛሬ ርሶ ገባ። ያላየሁት እሳት የለም፤ እኔን ጠይቁኝ። ይሄን ዓይኔን ያጠፋው እርጅና መስሏችኋል? ጭስ ነው። ዘነቡ፣ የእኔ እመቤት፣ ሽሮውን ጨምሪልኝ። አንተ ታከለ ደግሞ ሂድና ያን እሳትህን አጥፋልኝ፤ የቀረችኝን ልታጠፋት ነው እንዴ?»

መምሬ ካሴ ዋጡ።

እውነቴን ነው፣ ድምፁን ሰማሁት!

«ግሩም ሽሮ ነው፣ ዘነቡ። እጅሽ ይባረክ» አሉና ሌላ ጠቀለሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይተው? ምስጋናውም ጉርሻውን ፈልጎ አገኘው።

እኔ ባልዲ ውሃ ይዤ ወደ አሮጌው ማድ ቤት። እሳቱ ላይ ባፈስበት ጭሱ ባሰ! አመዱ ፊቴ ላይ ቦነነ። ስወጣ እንግዶቹ ቪዲዮ ይዘው ይጠብቁኛል። ወገል ጤና ያላችሁ፣ ያ አመድ የለበሰው ሞዴል ገበሬ እኔ ነኝ።

መሠረት ቀረብ ብላ «አባባ፣ ለምን?» አለችኝ። አመዱን ከፊቴ ጠረግኩ። መልሱን ዛሬም እፈልገዋለሁ።

ምስጋናው ሲወጣ ጆሮዬ ሥር መጣ። ሊያላግጥብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ሁለት ላም ይበቃዋል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

እንግዲህ ሁሉም አለፈ ብዬ ነበር። ዘነቡ ግን አላናገረችኝም። ደግሞ ያ ሳሏ ተመለሰ! እኔ ባስነሳሁት ጭስ። በሌላው ኀፍረቴ መሳቅ ይቻላል፤ በዚህ አልሳቅኩም።

በማግሥቱ ሽሮ በሳሕን አስይዛ፣ በእጇ ብቻ እያመለከተች፣ ወደ እማሆይ ላከችኝ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው።

«ዘነቡን ምን አልካት?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ምንም።»

«ምንም? ማዕድህን ከመነሣት አዳንኩልህ፤ ይቅርታህንም እኔ ልጠይቅልህ?»

ተነሡ። መቋሚያቸውን አነሡ፣ ክንዴን ያዙና ቁልቁለቱን አስወረዱኝ። መሪው እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ተመሪው እኔ ነበርኩ። ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉና «በል» አሉኝ።

«ዘነቡ፣ አሳፈርኩሽ» አልኩ። ከዚያ ስብሰባ ንግግር ይልቅ ይቺ አጭር ቃል ከበደችኝ።

ዘነቡ ጭልፋዋን እያጠበች ነበር።

«ያፈሩት በእኔ ወጥ ነው ወይስ በራስዎ አፍ?»

«በአፌ።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ይብሉ» አለች።

ሰማዩ ለምን እንደሞቀ ዛሬም ለመናገር አልደፍርም፤ መሠረትን ጠይቁ። ሳሉ ጥቂት ሰንብቶ ለቀቃት። እናንተስ? ያዳናችሁን ነገር ጓዳ ደብቃችሁ የሚያሳምማችሁን አደባባይ የምታስጨበጭቡለት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ይሄን ሁሉ ለዘነቡ አነበብኩላት። «ጥሩ ነው፣ ግን የእሳቸውን ስም አልጻፉም» አለችኝ።

እማሆይ ወለተ ማርያም ይባላሉ።