ክቡር የክፍል አለቃ ዳሂር ስም ሲጠሩ

አንዴ የክፍል አለቃ የሆነ ሰው ከሹመቱ አይወርድም። ትምህርት ያልቃል፣ መንግሥት ይወድቃል፣ ከተማ ይፈርሳል፤ እሱ ግን ዛሬም እጁን ኋላው አጣምሮ «ማነው የሚያወራው?» ይላል። የሐርጌሳው ክቡር አለቃ ዳሂር ደግሞ የዚህ ዘር ቁንጮ ናቸው።

አብራቸው የተማረችው ኻዲጃ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከተማዋ ስትደበደብ፣ ሕዝቡ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲሮጥ እንኳ፣ ክቡርነታቸው መንገድ ዳር ቆመው «ተሰለፉ!» ይሉ ነበር። ሐርታሼክ የስደተኞች መጠለያ ሲደርሱም ማንም ሳይሾማቸው የውሃ ወረፋ አስከባሪ ሆኑ። በስደት ዘመናቸው ከአማርኛ የለመዱት «ተራ ያዙ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷንም ውሃውን ላመጣው ለቦቴው ሾፌር ሳይቀር ይሉት ነበር።

ይህስ ይሁን፣ ያስቃል። ኻዲጃ ይቅር ያላለቻቸው ሌላ ነገር ነው። ተማሪ ሳሉ ዓብዲረዛቅ የሚባለው የክፍላቸው ልጅ አባቱን ሊቀብር ከትምህርት ቢቀር፣ አለቃ «ያለ ፈቃድ ቀሪ!» ብለው አስገረፉት። ዓብዲረዛቅ ኋላ የኻዲጃ ባል ሆነ። ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ዋሄን ገበያ አጠገብ ከባድ መሣሪያ ገደለው። ኻዲጃ ሰውዬውን አንድም ቀን «አለቃ» ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

ሰው ከስደት መመለስ ሲጀምር አለቃ ዳሂር የድሮ የክፍል ጓደኞቻቸውን ከየፍርስራሹ ለቃቀሙ። የተማሩበትን ትምህርት ቤት ለልጆች ሊከፍቱ ነው፤ መጀመሪያ ግን የራሳቸው ክፍል ተሟልቶ መገኘት አለበት፣ ማርፈድም የለም። ጣሪያው ተዘርፏል፣ ዴስኩ ማገዶ ሆኗል። ግቢው ፈንጂ አለበት ስለተባለ ሁሉም እግር በእግር እሳቸውን ተከትሎ ገባ። ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት ሰልፍ ይሄ ነበርና ኩራታቸው ለጉድ ነው።

ሁሉም ብሎኬት ብሎኬቱ ላይ ቁጭ አለ። አለቃም በቃላቸው፣ በድሮው ተራ፣ ስም ይጠሩ ጀመር። ሹክሪ አለሁ አለች፣ ዒዲልም አለሁ አለ። ቀጥሎ ዓብዲረዛቅ እንደሆነ ኻዲጃ አልጠፋትም። ያቺን «ያለ ፈቃድ» የምትባል ነገር ከአፋቸው ካወጡ ጫማዋን አውልቃ ልታቀምሳቸው ቆርጣለች።

«ዓብዲረዛቅ።»

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አስፈቅዶኝ ነው የቀረው» አሉ።

ከዚያ «ኻዲጃ» ብለው ጠሩ። ድምጿ አልወጣ አላት። ድሮ ቢሆን ሳይደግሙ «ቀሪ» ብለው ያልፏት ነበር። አሁን ግን ጣሪያ በሌለው ክፍል መሐል፣ ፀሐይ አናታቸውን እየጠበሳቸው፣ ዝም ብለው ጠበቋት። ከኋላ አንዱ ሊያንሾካሹክ ሲል «ማነው የሚያወራው?» አሉና ገላመጡት።

ኻዲጃ እያለቀሰች ሳቀች። ይሄን ሰውዬ ጠልቶ መዝለቅ እንኳ አይቻልም፣ ለካ ስትወዳቸው ኖራለች።

«አለሁ፣ አለቃ» አለች።