ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ

ደብዳቤ ላይ የታመመ ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። አልጋ ይዞም ቢሆን «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፋል።

የዚህ ወገን አለቃ እዚህ አሜሪካ፣ በዴንቨሩ የሞንትቤሎ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ከበደ ናቸው። ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ፣ ስልክ በሌለበት የወሎ ገጠር ላለችው ታናሽ እህታቸው ደህንነታቸውን ያበስራሉ።

እኔ እዚያው ከተማ የቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ነኝ። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቴ ወሰድኳቸው። ሠራተኛዋ ነጭ ጓንት አጥልቃ የአንድ ሟች እንግሊዛዊ ገጣሚ ደብዳቤ ገለጠችልን። ጋሽ ከበደ ትልቅ ቃል ሊሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። ተረጎምኩላቸው፤ ሰውዬው ለእህቱ ስለ ጥርሱ ሕመምና ስለ ተቀደደ ካልሲው ሦስት ገጽ ሙሉ ያለቃቅሳል።

«ይኼ ነው በጓንት የሚያዘው?» አሉ ተናደው። «የጥርስ ሕመም ደግሞ ምን ይጻፋል! የኔን ጉልበት ቢያይ ምን ሊል ነው?»

ቤታቸው እንደገቡ በንዴት ጻፉ። ጉልበታቸውን፣ በረዶ ሲዝቁ መውደቃቸውን፣ ብቻቸውን መብላት እንደሰለቻቸው፣ ሁሉንም። ወደ አገር ቤት በሚሄድ መንገደኛ ላኩት። እኔማ እህታቸውን በድንጋጤ ገደሏት ብዬ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ። መነጽር ስላልያዙ እኔ አነበብኩላቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ደህና ነኝ ስትለኝ፣ መርዶህን ደብቆ ሌላ ሰው በስምህ የሚጽፍልኝ መስሎኝ ነበር። ጉልበትህን እንዳመመህ ስሰማ እልል አልኩ። ለካ አለህ!»

ጋሽ ከበደ ደብዳቤውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ተነስተው የበረዶ ጓንታቸውን አጠለቁና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።