ኮረብታ የሚጠብቃት ከተማ

በካንሳስ ሜዳ ላይ፣ ስሟን ብንጠራ ምክር ቤቷ የሚቀየመን አንዲት ከተማ አለች። ይህች ከተማ ከጎረቤቶቿ ሁሉ የምትለይበት ታላቅ ሀብት አላት፤ ኮረብታ። ቁመቱ የስንዴ ጎተራዋን አያህልም፤ ላም ሳታለከልክ ትወጣዋለች። ይሁን እንጂ ከምዕራብ የሚመጣን ቶርኔዶ የሚባል ጠራራጊ አውሎ ነፋስ ሁሉ ለሁለት ሰንጥቆ፣ አንዱን ወደ ሰሜን አንዱን ወደ ደቡብ የሚሸኘው እሱ መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል። ማስረጃውም ጽኑ ነው፤ ከተማዋ ይህ ታሪክ እስከሆነበት ቀን ድረስ ተመትታ አታውቅም። በዝሆንም ተረግጣ አታውቅም፤ ለዚህኛው ግን ኮረብታውን ያመሰገነ የለም።

ባለፈው ዓመት ጸደይ የከተማዋ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሦስት ጊዜ ጮኸ። ነዋሪውም ሦስቱንም ጊዜ የአባቶቹን ወግ ጠብቆ፣ ለመሸሸጊያ ከወለሉ በታች የተቆፈረውን ምድር ቤቱን ትቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ወንበር ተዘረጋ፣ ቀዝቃዛ ሻይ ተቀዳ፣ ሰማይ ታየ። ቶርኔዶ ግን አልመጣም። በዚህ ያዘነው ምክር ቤት ነገሩን በጥልቀት መርምሮ ሳይረኑን ዋሾ ሆኖ ስላገኘው፣ "ማንኛውም አውሎ ነፋስ በሦስት የኮሚቴ አባላት በዓይን ሳይታይ፣ መሬት መንካቱ ሳይረጋገጥና በፊርማ ሳይጸድቅ ሳይረኑ እንዳይጮህ" ሲል ወሰነ። ሌላው አገር ጅብ ከሄደ በሚጮኸው ውሻ ይሳለቃል። እዚህ ግን ውሻው ኮሚቴ ተቋቋመለት።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ሃርላን ዲትዝ፣ ዕድሜ ልኩን ትራክተር ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የኮረብታውን ጠባይ ከማንም አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው። ያወቀውንም አይሰስትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ንግግሩን የሚጀምረው ኮረብታው ገና ጠጠር ሳለ ነው። በመሃል የሚያቋርጠው ቢያገኝ ሰውየው ነገሩ ጠፍቶበት ይሆናል ብሎ ከጠጠሩ እንደገና ይነሣል። አንድ ጊዜ በቀብር ላይ አጭር ቃል እንዲያሰማ ተጠይቆ፣ ሟቹን ሊቀብሩ የመጡት መሽቶባቸው በመኪና መብራት ቀብረዋል።

የሳይረኑ ቁልፍ ያለው በከተማዋ ጸሐፊ በሎርና ፕሩት ጠረጴዛ ሥር ነው። ሎርና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮረብታ አታመልክም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ወዳጅ የላትም። እናቷ ወይዘሮ ኦፓል የምትኖረው ከኮረብታው ግርጌ፣ ከከተማዋ ምዕራብ ጫፍ፣ በጎማ ላይ በቆመ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ተጎታች ቤት ምድር ቤት የለውም፤ ነፋስ ሲመጣ ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል። ደግነቱ ጎረቤቷ ጋስ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ የብረት መዝጊያ ያለው የመሸሸጊያ ጉድጓድ አለው።

በግንቦት ወር በአንድ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። ወፎቹ ዝም አሉ። ሬዲዮው ከምዕራብ የሚሽከረከር ደመና እየገሰገሰ ነውና አሁኑኑ ተጠለሉ አለ። ሎርና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች። ኮሚቴው በማዘጋጃ ቤቱ ሣር ላይ፣ በሚታጠፉ ወንበሮቹ ላይ በሙሉ ቁጥር ተሰይሟል።

"አቶ ዲትዝ፣ ቶርኔዶ ሊመጣ ነው። ይፈርሙልኝ!"

"ማን አለ?"

"ሬዲዮው።"

"ሬዲዮው ያለው ዊቺታ ከተማ ነው፣ ልጄ። እኛ ያለነው እዚህ።"

"ለእኔ አንድ ጅራት ነገር ይታየኛል" አለ ሁለተኛው አባል ቨርጅል፣ መነጽሩን እየወለወለ።

"ጅራት ብቻውን ቶርኔዶ አይባልም" አለ ሦስተኛው አባል ኤልመር። "ደንቡ መሬት ይንካ ነው የሚለው። ነክቷል?"

"እንዴት ይታያችኋል? ኮረብታው ጋርዷችሁ!" አለች ሎርና።

"አየሽ?" አለ ሃርላን ፊቱ በርቶ። "እየጠበቀን ነው።"

ሎርና ወደ ቢሮዋ እየሮጠች ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ የት ነሽ?"

"ደጅ ነኛ! ወይ ሎርና፣ ብታዪው! ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል፣ ደግሞ እንደ ሊጥ ይቦካል!"

"የጋስ ጉድጓድ ውስጥ ግቢ! አሁን!"

"ሳይረኑ ሳይጮህ ምን ሆኜ ነው የምገባው? ጋስ ራሱ ወንበሩን ይዞ እኔ ጋ መጥቷል።"

ሎርና ያለ አንዲት ፊርማ ቁልፉን ተጫነችው። ሳይረኑ ጮኸ። በመስኮት ስታይ በመንገዱ ዳርና ዳር በሮች ተከፈቱ። ነጋዴው ከሱቁ፣ ሽማግሌው ከአልጋው፣ እናት ልጇን ታቅፋ፣ ከተማው በአንድ ልብ ወደ በረንዳ ወጣ። ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ስታጥብ የነበረች አንዲት ሴት እንኳ እጇ አረፋ እንደሆነ ደረጃውን ስትወጣ ታየች። በስልኩ ውስጥ እናቷ "ጮኸ! ጋስ፣ ካሜራህን አምጣ!" ስትል ተሰማ።

ማስጠንቀቂያ ማለት በዚህ ከተማ የመግቢያ ትኬት እንደሆነ ሎርና ያን ጊዜ ገባት። ሳይረኑን አጠፋችውና ከቁልፉ አጠገብ ያለውን የድምፅ ማጉያ መነጋገሪያ አነሣች። በከተማዋ ምሰሶዎች ሁሉ ላይ ድምፅዋ ረጋ ብሎ ተሰማ፦

"ለተከበራችሁ ነዋሪዎች። ሊቀመንበር ሃርላን ዲትዝ ስለ ኮረብታው ታሪክ ንግግር ለማድረግ ቤት ለቤት መዞር ጀምረዋል። በረንዳ ላይ ያገኙትን ሁሉ በየተራ ያነጋግራሉ። ምንጊዜም እንደሚያደርጉት ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።"

ከዚያ በር ሲዘጋ፣ መቀርቀሪያ ሲወረወር፣ መብራት ሲጠፋ ተሰማ። ያ ሁሉ ሕዝብ ምድር ቤት ወረደና ቤት ውስጥ ሰው የሌለ መስሎ ትንፋሹን ዋጠ። በስልኩ ውስጥም "ወይ ጉዴ፣ ጋስ፣ ክፈተው! መዝጊያውን ክፈተው! በስተኋላህ ቀርቅረው!" ተባለና መስመሩ ተቋረጠ።

የቀረው ኮሚቴው ራሱ ነበር። ሃርላን ኮቱን እያስተካከለ ገባ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው ልጄ፤ ግን ብታማክሪኝ ደግ ነበር። ታዲያ ሕዝቡ የት አለ?"

"እዚሁ ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ተሰብስቦ እየጠበቀዎት ነው።"

ሃርላን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወረደ። ቨርጅልና ኤልመር ግን ደጃፉ ላይ ቀሩ። ወደ ምዕራብ አዩ፤ ደመናው ጥቁር ግንድ ሆኖ ኮረብታው አናት ላይ ቆሟል። ወደ ደረጃው አዩ፤ ከታች "በመጀመሪያ ጠጠር ነበር" የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁለት አዋቂ ሰዎች ሲያመነቱ ሎርና በአንገትጌያቸው ይዛ ገፍታ አወረደቻቸውና ራሷም ተከትላ ወረደች።

ቶርኔዶው ኮረብታውን እንደ ላሟ ሳያለከልክ ተሻገረው። የማዘጋጃ ቤቱን ጣሪያ ወሰደ፤ አርባ በረንዳ ነቀለ፤ የኦፓልን ተጎታች ቤት አንስቶ በጋስ የበቆሎ ማሳ ላይ በጀርባው አስተኛው። ከዚያ ፀሐይ ወጣች።

የሎርና ስልክ ለሰባት ደቂቃ ዝም አለ። በስምንተኛው ጠራ።

"ሎርና?" አለች እናቷ በሹክሹክታ። "ሄደ?"

"ሄደ፣ እማዬ። አለሽ? ሄዷል።"

"እርግጠኛ ነሽ? በየት በኩል ሄደ?"

"በሰሜን ምሥራቅ። ከተማውን አልፏል።"

"በእግሩ?"

"ማን?"

"ሃርላን ነዋ! ስለ ማን ነው የምታወሪው?"

አንድም ሰው አልተጎዳም። ምክር ቤቱ ጣሪያ በሌለው አዳራሹ ተሰብስቦ ለኮረብታው ምስጋና አቀረበ፤ ኮረብታው ባያዳክመው ኖሮ ነፋሱ ምን ያህል በጠና ነበር! ሎርና ያለ ፊርማ ቁልፍ በመጫንዋ በጽሑፍ ተወቀሰች። ሃርላን ደግሞ ሕዝብን በአንደበቱ ብቻ ያተረፈ ተብሎ ሜዳሊያ ተሸለመ። ሽልማቱን ሲቀበል አጭር ቃል እንዲያሰማ የጠየቀው አልነበረም።

ዝናው ግን ሜዳውን አልፎ ተሰማ። በወሩ ውስጥ ከስድስት ጎረቤት ከተሞች ለሃርላን ደብዳቤ መጣለት፤ መጪውን ጸደይ በእርሱ እርዳታ ማለፍ እንደሚሹ በትሕትና ይገልጻል። ሃርላን አዲስ ኮት አሰፋ፤ ንግግሩንም ለሰፊ ሕዝብ እንዲመጥን በአንድ ሰዓት አስረዘመው። ኮቱን ለብሶ፣ ደብዳቤዎቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንድታነብለት ለሎርና ሰጣት። እሷም አንድ በአንድ አነበበችለት። ስድስቱም የሚያልቁት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፦

"ስምዎን በድምፅ ማጉያ እንድንጠራ ከፈቀዱልን ይበቃናል። በአካል መምጣት አያስፈልግዎትም።"