አልሞት ያለው እርሾ

(ስፋክስ፣ ቱኒዚያ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ ረፋድ ላይ። ዶክተር ሪዳ፣ በሚያውቀውም በማያውቀውም እኩል የሚተማመን ሰው፣ የክስ ደብዳቤ ይዞ ይንጎራደዳል። የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ወሲላ መወልወያዋን ተደግፋ ታየዋለች።)

ሪዳ፦ ይመኑ እንጂ እማማ! እርሾዬን ወስደው ጋግረውበታል!

ወሲላ፦ ምን ነክቶኝ ነው በሞተ እርሾ የምጋግረው?

ሪዳ፦ ጉዱ እሱ ነዋ፤ አልሞተም! በጨረር አቃጥለዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ሞልቶ እንደ ሰርገኛ ይጠብቀኛል። ሦስት ወር ሙሉ! የገበያ እርሾ እየተኩብኝ ነው። ለዲኑ ጽፌያለሁ፤ (ያነባል) «ጥፋቱ የወሲላ ነው፤ ከሥራ ትሰናበት።»

ወሲላ፦ ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ሲቀረኝ! በል፣ ከመላክህ በፊት እኔን መሃይሟን አስረዳኝ። ጨረሩ ምኑን ነው የሚጎዳው?

ሪዳ፦ (አስረዳኝ ሲሉት ቁጣውን ይረሳል፤ ድክመቱ ነው) ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ። ጨረሩ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላትን ያጣብቃል። ሕዋሱ ሲገለብጥ እዚያ ላይ ይደናበራል፤ ወይ ይሞታል፣ ወይ ተሳስቶ ይገለብጣል። ስህተቱ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ የዘረመል ለውጥ ይባላል። የምፈልገው እሱን ነው።

ወሲላ፦ የሚያርምለት የለም?

ሪዳ፦ እንዴታ! እርሾ የተጣበቀውን የሚያላቅቅ ጠጋኝ አለው። ግን ብርሃን ካላየ ሥራ አይጀምርም።

ወሲላ፦ ሟቹ ባሌም ፀሐይ ካልሞቀው ካልጋ አይወርድም ነበር። እና ካቃጠልከው በኋላ የት ታኖረዋለህ?

ሪዳ፦ መስኮቱ ላይ ነዋ! ክዳኑ ስለሚያልበው፣ እናቴ ኩስኩሷን ጣሪያ ላይ እንደምታሰጣው ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እርስዎ ግን በየቀኑ መጋረጃ ይዘጉብኛል፤ እኔ መልሼ እከፍተዋለሁ!

(ወሲላ መስኮቱን አይታ ወደ ሪዳ ትዞራለች።)

ሪዳ፦ ምን ያዩኛል?

ወሲላ፦ ጠጋኙ ምን ሲያይ ነው ሥራ የሚጀምረው?

ሪዳ፦ ብርሃን።

ወሲላ፦ መስኮቱ ላይስ ምን አለ?

ሪዳ፦ ፀሐ... (ወንበር በዳበሳ ይፈልጋል) ወይ ጉዴ! ይህንኑ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ይህን ስተው የጣልኳቸው ተማሪዎችም አሉ! በእጄ ገድዬ በእጄ ሳስታምም ነው የከረምኩት!

ወሲላ፦ አይዞህ። ሰውስ እንዲህ ያለ ጠጋኝ አለው?

ሪዳ፦ ይኼኛው የለንም፤ ሰውን ፀሐይ አያርመውም። እኛ ዘንድ የተበላሸው ተቆርጦ ይወጣና በቦታው ትክክለኛው ይተካል።

ወሲላ፦ (ከመሳቢያ መቀስ አውጥታ ታቀብለዋለች) እንግዲያው ከደብዳቤው ላይ ስሜን ቁረጥና ትክክለኛውን ተካበት።

ሪዳ፦ (አንገቱን ደፍቶ ይቆርጣል፤ የራሱን ስም ይለጥፋል) እማማ፣ ቦታው ጠበበኝ። «ዶክተር» የሚለው አልገባ አለ።

ወሲላ፦ ተወው። እሱ ሲገለበጥ የገባ ስህተት ነው።