የማንታወቅበት መንገድ

የሚወደውን ምግብ ተከልክሎ ደስ ብሎት የሚውል ሰው ካያችሁ ጠርጥሩ። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ዝም የሚል ሰው ግን ብዙ ያያል።

አባባ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል ተባለ። ሐኪሙ ቅቤና ጮማ እንዲተው፣ ጠዋት ጠዋትም በእግሩ እንዲሄድ አዘዘው። "ከሦስት ወር በኋላ ደምህን እናያለን፤ ያኔም ካልቀነሰ ለልብህ ያሰጋል" አለው። እማዬ ያን ቀን ቅቤውን ደበቀች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጎመንና ሽሮ ላይ ወደቀ። እኛ ከሳን። አባባ ግን በየማለዳው ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ያበራል፤ ቁርሱንም "ጠግቤያለሁ" ብሎ ይገፋል። በእግር መሄድ ያጠግባል እንዴ? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

እማዬም ጠረጠረች። "ነገ አብረሽው ሂጂ" አለችኝ።

ገፈርሳ ሳንደርስ ከአንድ ግቢ "አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ደበላ!" የሚል ድምፅ መጣ። የአባባ የድሮ ጎረቤት እትዬ ጫልቱ ናቸው። በእኛ አገር ሰላምታ በሰላምታ አያበቃም።

"ደጃፌን አልፈው ሊሄዱ? ግቡ እንጂ!"

"እምቢ ብል ይቀየሙኛል" አለኝ አባባ በሹክሹክታ፣ አንድ እግሩን አስገብቶ። ጭኮ ቀረበ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ።

"በእግሩ የሚሄድ ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል" አሉ እትዬ ጫልቱ።

"ለልጅቷ ብዬ ነው እንጂ..." አለ አባባ፣ ማንኪያውን እያነሳ።

በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ ይባላል። ለካ እኔ እስክመጣ ድረስ በሐኪም ሲያመካኝ ኖሯል!

ልቆጣው ስል ማንኪያ ሙሉ ጭኮ ወደ አፌ ተዘረጋ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እምቢ ማለት አልችልበትም። ሦስት ጊዜ ጎረስኩ።

ቤት ስንገባ እማዬ አባባን ትታ እኔን አሸተተችኝ። "አንቺም?" ብላ ተቀመጠች። "እኔ እኮ ይህን ሰው መቅበር አልፈልግም።" አባባ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ መንገድ ቀየርን። አዲስ በተሠሩት ቤቶች በኩል፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ በሚውልበት ሰፈር እንሄዳለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ሰላም አላለንም፤ የአባባም ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ጤና ማለት የማይታወቁበት ሰፈር ነው ብዬ ልደመድም ነበር።

ትናንት ግን አንዲት ሴትዮ በሯን ከፈት አድርጋ "አከም ቡልተኒ!" አለችን። ፈገግታዋ ደስ ይላል። ጠረጠርኳት። የአባባን ክንድ ይዤ ልጎትተው ስል እርምጃውን ቀነስ አደረገና፦

"ደህና አደርሽ፣ ልጄ! ላም አላችሁ እንዴ?"