ከካርቱኑ ውስጥ ስለጠፋችው ዝንብ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20 (ጥሪው ለ2፡30 ነበር)
ቦታ፦ የቆዩ ፊልሞች አሳታሚ ድርጅት፣ ማሳያ ክፍል

የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፤ የፊልም ጽዳት ባለሙያው፤ የሽያጭ ኃላፊው፤ ካርቱኖቹን የሳሉት ጋሼ (የክብር አባል፣ ድምፅ የማይሰጡ)፤ ጸሐፊዋ (የጋሼ ልጅ፣ እሷም ድምፅ የማትሰጥ)።

ያልተገኘ፦ ተርጓሚው። ፊልሞቹ ንግግር ስለሌላቸው ሥራ የለኝም ብሎ ቀርቷል።

ድምፅ ካላቸው አራት አባላት ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ነገ በዲቪዲ የሚባዙትን ጥቁርና ነጭ ካርቱኖች መመርመር

ችሎት ላይ ማንቀላፋት የፈለገ ዳኛና እንቅልፍ የነሳችው ዝንብ የሚታዩበት የሰባት ደቂቃ ካርቱን ቀረበ። ዳኛው ራሱን በጥፊ ሲያጮል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲዘል፣ በመጨረሻም ባዶ አየር በመዶሻ ሲያሳድድ ታይቷል። ዝንብ አልታየችም።

ባለሙያው ተጠይቆ፣ ኮምፒውተሩ ማንኛውንም ጥቁር ነጥብ ከፊልሙ ላይ እንዲያጠፋ መታዘዙንና ትእዛዙን ያለ አድልዎ መፈጸሙን አስረድቷል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፊልም በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅም አክሏል።

ጋሼ ዐይናቸው ስለደከመ ወንበራቸው ከስክሪኑ ሥር ተደርጎላቸው ነበር። “ዝንቧ አልመጣችም እንዴ?” ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ሰብሳቢው “ትመጣለች ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ” አሉ። ፊልሙ አለቀ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ መፈለግ

የሽያጭ ኃላፊው፣ ፊልሙ “ዳኛው አብዷል” ተብሎ ቢሸጥ የዘመኑ ሰው ጥልቅ ነገር ስለሚወድ እንደሚሻማበት ገለጸ። ሰብሳቢው ዝንቧ ሽፋኑ ላይ ተለቅ ብላ እንድትታተም፣ ተመልካቹም ሽፋኑን በእጁ ይዞ እንዲያይ ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያው ዳኛውንም እንዲያጠፋው ቢፈቀድለት ነገሩ እኩል እንደሚሆን ጠቆመ። ሰብሳቢው ይህንንም፣ ጉድ ነው፣ ለማሰብ ጊዜ ጠየቁ።

ጸሐፊዋ ዋናው ፊልም ለምን እንደገና አይቀዳም ብላ ብትጠይቅ ከሥርዓት ውጪ ተብላለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ፦
ሀ) ፊልሙ እንዳለ እንዲወጣ፤
ለ) መግቢያው ላይ “ዝንቧ አለች፤ ግን አትታይም” የሚል ጽሑፍ እንዲጨመር፤
ሐ) ለጋሼ እንዳይነገራቸው ተወስኗል።

ሐ ሲወሰን ጋሼ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጋሼ ተነሡ። “ከሦስት ሺህ በላይ ዝንብ ነው የሳልኩት” አሉ። “የዚህችን ልጅ እናት ሆስፒታል ሳስታምም፣ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ። እያንዳንዷን አሳያታለሁ፤ እሷ ደግሞ ‘ክንፏን ትንሽ ሰፋ አድርገው’ ትለኛለች። ከዚያ ክፍል አልወጣችም። ዐይኔ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንዴ ልያት ብዬ ነው የመጣሁት።”

ጸሐፊዋ አልቅሳለች፤ ይመዝገብላት።

ባለሙያው ማንንም ሳያስፈቅድ ወጥቶ ዋናውን የፊልም ጥቅል ከነአቧራው ይዞ መጣና አሮጌው ፕሮጀክተር ላይ አስገባው። ስክሪኑ ጭረትና ነጥብ በነጥብ ሆነ። የትኛው ዝንብ፣ የትኛው እድፍ እንደሆነ አንድም የኮሚቴ አባል መለየት አልቻለም። ጋሼ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ ለዩልን፦ “ይቺ ቆሻሻ ናት። ይቺም ቆሻሻ ናት። እቺውና! እቺ የኛ ናት!”

ስለዚህ በአጀንዳ 2 የተወሰኑት ሀ፣ ለ እና ሐ ሙሉ በሙሉ ተሽረው፣ ፊልሙ ከነእድፉ እንዲወጣ ተወስኗል።

ስብሰባው 5፡40 ላይ ሊዘጋ ሲል ጋሼ “ድገሙት” አሉ። ድምፅ የሌለው አባል ያቀረበው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ በድርጅቱ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ፊልሙ አራት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ስብሰባው 6፡15 ላይ ተዘግቷል።