ዳኘው ከስልኩ ጀርባ

ዳኘው፦ ኧረ አዙረው! ካሜራውን እንደ ወትሮው ወዳንተ አልሁህ እኮ!

አዘዘ፦ ዛሬም ታካሚው አንተ፣ የምታየው እኔ? ምኑ ነው ይኼ?

ዳኘው፦ አይ አለማወቅ! ገመና የሚነገረው ተሸፍኖ ነው። የመሪጌታ ልጅ ገመናውን ሲዘረግፍ ጎርጎራ ድረስ ፊቱ ይታይ? ድምፄ ይበቃቸዋል።

(ቁንዝላ፣ ሐይቁ ዳር የታሰረች ጀልባ። ሰፈር ውስጥ ኔትወርክ እንቢ ስላለ ሕክምናው እዚሁ ነው። ጀልባ ነጂው ዳኘው የማያውቀው ነገር የለም፤ ሰው ሲያወራ ዝም ማለት ብቻ አልሆነለትም። ሚስቱ ርሆቦት መርሯት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ ወንድሟ ቤት ከገባች መንፈቅ አለፋት። የምትመለሰው ዶክተሩ «ተሽሎታል» ካሉ ነው። እሳቸውም እሷ በስልክ የነገረቻቸውን ሰምተው «የስብዕና መታወክ» ነው ብለው ከመሰሎቹ ጋር በቪዲዮ የቡድን ሕክምና አስጀመሩት። ሁሌም ስልኩን የሚይዝለት ጎረቤቱ አዘዘ ነው፤ ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ መጨረሻው ነው።)

አዘዘ፦ እጄ እኮ ዛለ።

ዳኘው፦ ቻለው! ነገ ርሆቦቴ በጀልባ ከች ትላለች። አንተ ብቻ ዝም በል።

አዘዘ፦ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

(ስልኩ ላይ ፊቶች ተደረደሩ።)

ዶክተሩ፦ እንደምን ዋላችሁ። ወይዘሮ ሸሪፋ ይጀምሩ።

ሸሪፋ፦ ትናንት እኅቴ ላይ ጮኽሁባት። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አለኝ...

ዳኘው፦ (ከስልኩ ጀርባ) ጥፋቱ የእኅትሽ ነው! ቆይ እኔ ልንገርሽ!

አዘዘ፦ (ዓይኑ እንባ አቅርሮ ራሱን ነቀነቀ።)

ዳኘው፦ (በሹክሹክታ) አንተን ደግሞ ምን ያስለቅስሃል?

አዘዘ፦ አንጀቴን በላችው።

ዶክተሩ፦ አቶ ዳኘው፣ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ አይቼዎታለሁ። ማንንም ሳያቋርጡ ሰሙ፣ ለሰው አዘኑ። በእውነት ተሽሎዎታል!

ዳኘው፦ (ሲዘል ጀልባዋ ልትገለበጥ) እልል! አላልሁህም?

ዶክተሩ፦ አንድ ነገር ብቻ። ከስልኩ ጀርባ የሚጮኸውን፣ እርስዎ ሲጠየቁ እንኳ ቀድሞ የሚመልሰውን ሰውዬ ቶሎ ያስመዝግቡልን። እሱስ ብሶበታል።

(ለምርቃቱ የተጠራችው ርሆቦት ስልኩ ላይ ብቅ አለች።)

ርሆቦት፦ ዶክተር፣ ይኼማ ጎረቤታችን አዘዘ ነው! የኔው ባል የሚጮኸው ነው፤ እሱ ደግሞ...

ዳኘው፦ ርሆቦት! ቆይ እኔ ላስረዳሽ፣ ነገሩ እኮ...

ርሆቦት፦ ይኸው! አላስጨረሰኝም!

ዶክተሩ፦ እንግዲያው አቶ ዳኘው ሰኞ ከአንድ ብለው ይጀምራሉ። (ስልኩ ተዘጋ።)

ዳኘው፦ አንተ ከንቱ! «አቶ ዳኘው» ሲሉህ አይደለሁም አትልም?

አዘዘ፦ ዝም በል አላልኸኝም?

(ዳኘው ጀልባዋ ወለል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።)

ዳኘው፦ ሆድ ባሰኝ፣ አዙዬ። በቃ ፊቴም ይታይ። ሰኞ ስልኩን ወደኔ አዙረህ ትይዝልኛለህ?

አዘዘ፦ አልችልም፣ ወንድሜ። እኔ እኮ ተሽሎኛል፤ ከበሽተኛ ጋር አታውለኝ።